ካሜራው ሄልሜት ላይ ይሻላል ወይስ መሪ ላይ?

ወንድሜ፣ ጥያቄህ ሦስት ነገር ይዟል፦ በሳይክል ሥራ ስመላለስ አክሽን ካሜራውን የት ልግጠመው፣ የሚጋፋኝ መኪና ታርጋ እንዲነበብ ምን ላስተካክል፣ ካሜራ መያዜስ ከአደጋ ያድነኛል ወይ የሚል። ከመጨረሻው ልጀምር፤ አያድንህም። አብዛኛው ሹፌር ካሜራውን አያየውም፤ ቢያየውም የሳይክሉ መብራት ይመስለዋል። ካሜራ ነገሩ ካለፈ በኋላ የሚናገር ምስክር ነው። ስለዚህ መለኪያው አንድ ብቻ ነው፦ ከቤት ስትወጣ ካበራኸው በኋላ እስክትደርስ ድረስ ልታየውም ልትነካውም የማያስፈልግ መሆን አለበት። በሰዓት 25 ኪሎ ሜትር እየነዳህ ለሁለት ሰከንድ ስክሪን ላይ ካፈጠጥህ 14 ሜትር ያህል መንገድ ሳታይ ሄደሃል ማለት ነው። ስክሪኑ ቶሎ እንዲጠፋ አድርገው፤ ድምፁንና ብልጭ ድርግም የምትለዋን መብራትም ዝጋቸው።

ለከተማ ጥሩው አንዱን መሪ ላይ፣ ሌላውን ከመቀመጫው ሥር ወደ ኋላ አዙሮ መግጠም ነው። ገንዘቡ ለአንድ ብቻ ከበቃ የፊቱ ይቅደም። የሚያልፍህ መኪና የኋላ ታርጋው ዞሮ ፊትህ ይመጣል፤ መስቀለኛ ላይ የሚታጠፍብህም፣ በር የሚከፍትብህም ከፊት ነው። የኋላው ካሜራ ጥቅም መኪናው ወደ አንተ እንዴት እንደቀረበ ማሳየቱ ነው። መጥፎ ጎኑ ከጎማው የሚረጨው ጭቃ ነው፤ መከላከያ ከሌለህ አንድ ዝናብ ሌንሱን ይደፍነዋል።

ሄልሜት ላይ መግጠም ዞር ብለህ ያየኸውን ሁሉ ስለሚቀርፅ ብዙ ሰው ይወደዋል። እኔ አልመክረውም። የሄልሜቱ ውጭ ለስላሳ የሆነው በምክንያት ነው፤ ስትወድቅ አስፋልቱ ላይ እንዲንሸራተት ነው። 150 ግራም የሚመዝን ጉብ ያለ ነገር ካለበት ግን መሬቱን ይነክስና አንገት ይጠመዝዛል፤ ምቱንም አንድ ነጥብ ላይ ይሰበስበዋል። የግድ ካልክ ሲመታ በሚላቀቅ ማጣበቂያ ይሁን እንጂ ሄልሜቱን በስተህ ብሎን እንዳታስገባ። ማጣበቂያው ከመለጠፉ በፊት ቦታውን በአልኮል ጥረገው፣ ከተለጠፈ በኋላም 24 ሰዓት አቆየው። ደረት ላይ የሚታሰረው ደግሞ ጎንበስ ስትል ጉልበትህን ነው የሚቀርፀው፤ በግንባርህ ከወደቅህም ካሜራው በደረት አጥንትህና በአስፋልቱ መካከል ይገባል።

መሪ ላይ ስትገጥም መጀመሪያ ውፍረቱን ለካ። መሐሉ ብዙ ጊዜ 31.8 ሚሊ ሜትር ነው፤ ቆየት ባሉት 25.4፣ እጀታው አካባቢ ደግሞ 22.2። ማሰሪያው ከሰፋ ከሳይክል ከመነዳሪ የተቆረጠ ቀጭን ላስቲክ አስገባበት፣ ንዝረትም ይቀንሳል። መሪው ካርቦን ከሆነ በቶርክ ቁልፍ (የማጥበቂያውን ኃይል በሚለካው) እሰረው፤ ከተጻፈው ቁጥር አትለፍ። ክንዱን አጭር አድርገው። መገጣጠሚያ በበዛ ቁጥር ምስሉ ይወላገዳል፣ የተወላገደ ምስል ላይ ታርጋ አይነበብም። ከዚያ መሪውን ሙሉ ለሙሉ ወደ ግራም ወደ ቀኝም አዙረህ የፍሬን ገመድ እንዳልተያዘ እይ። ሰው የሚረሳት ነገር የመጠባበቂያ ክር ናት፦ ካሜራውን ከመሪው ጋር በቀጭን ጠንካራ ክር እሰረው፣ ግን ክሩ ከ10 ሴንቲ ሜትር አይርዘም። ከረዘመ የተላቀቀው ካሜራ ተንጠልጥሎ የፊት ጎማው ራጂ ውስጥ ይገባል፤ ጎማው ቀጥ ሲል አንተ በመሪው ላይ ተወርውረህ ታልፋለህ።

ወደ ታርጋው እንምጣ፤ እዚህ ላይ ነው ብዙው ሰው የሚሸወደው። በ1080ፒ (በተለመደው ኤችዲ ጥራት)፣ በሰፊው እይታ፣ 10 ሜትር ርቃ ያለች 50 ሴንቲ ሜትር ታርጋ ምስሉ ላይ የሚደርሳት 40 ፒክስል (የምስል ነጥብ) አካባቢ ነው። እሱን ለሰባት ፊደልና ቁጥር አካፍለው፤ የሚነበብ ነገር የለም። ከፍ ባለው ጥራት፣ በ4ኬ፣ እጥፍ ይሆናል። ስለዚህ 4ኬ፣ በሰከንድ 30 ፍሬም (ምስል)፣ እይታው ሊኒየር የሚባለው (ጠርዙን የማያጎብጠው) ይሁን። 60 ፍሬም ባትሪና ሚሞሪ ከመብላት ውጪ ለዚህ ሥራ ብዙም አይጠቅምም።

ሁለተኛው ጠላት የሸተር ፍጥነት ነው፤ ካሜራው ለእያንዳንዱ ምስል ብርሃን የሚያስገባበት ጊዜ ማለት ነው። በሰከንድ 10 ሜትር ቀድሞህ የሚያልፍ መኪና ጎንህ ሲደርስ በ1/60 ሰከንድ ውስጥ 17 ሴንቲ ሜትር ያህል ይጓዛል፤ በ1/480 ግን 2 ሴንቲ ብቻ። በጠራራ ፀሐይ ሸተሩን ለአውቶ ተወው፣ ካሜራው ራሱ ያፈጥነዋል፤ 1/480 ላይ ብትቆልፈው ምስሉ ነጥቶ ይቀራል። ችግሩ ደመና ሲሆንና ሲመሽ ነው። ያኔ አውቶ ፍጥነቱን ያወርድና ሁሉም ነገር ይደበዝዛል። በዚያ ሰዓት 1/240 ላይ አስረህ የአይኤስኦውን (ካሜራው ለብርሃን ያለውን ስሜት) ጣሪያ ወደ 3200 ከፍ አድርግ። ምስሉ ሻካራ ይሆናል፤ ይሁን፣ ሻካራ ታርጋ ይነበባል፣ የደበዘዘ ግን አይነበብም። ማታ የገዛ መብራትህ ታርጋውን ባዶ ነጭ ካደረገው የብርሃን ማካካሻውን (ኢቪ) ወደ −1 አውርድ። ያም ሆኖ ማታ ብዙ ታርጋ ያመልጣል። መድኃኒቱ አፍህ ነው፦ ታርጋውን፣ የመኪናውን ቀለምና ዓይነት ጮክ ብለህ ተናገር፣ ማይኩ ይይዘዋል።

ሚሞሪ ካርዱ ቪ30 የሚል የፍጥነት ምልክት ያለው፣ ለተደጋጋሚ ቀረፃ የተሠራ ይሁን። በሰከንድ 60 ሜጋቢት ስትቀርፅ በሰዓት 27 ጊጋባይት ይሞላል፤ ስለዚህ 128 ጊጋ ከአራት ሰዓት በላይ ይይዛል። ሉፕ የሚባለውን፣ አሮጌውን እያጠፋ በላዩ የሚቀርፀውን ቅንብር ስትመርጥ ግን ተጠንቀቅ። ጎፕሮ በሚባለው ካሜራ ላይ 5 ደቂቃ ብለህ ከመረጥክ የሚቀርልህ የመጨረሻው 5 ደቂቃ ብቻ ነው፤ የቀደመው ይጠፋል። 60 ወይም 120 ደቂቃ ምረጥ። ሰዓቱና ቀኑ ትክክል መሆኑንም ባትሪ በቀየርክ ቁጥር እይ። 4ኬ እየቀረፀ መብራት ላይ ለረጅም ጊዜ ስትቆም ነፋስ ስለማያገኝ ሞቆ ራሱን ሊያጠፋ ይችላል፤ ሙቀት በሚበዛበት ቀን ጥራቱን ወደ 2.7ኬ ማውረድ ይሻላል።

አንድ ነገር ከደረሰ ከመንገዱ ወጥተህ ቀረፃውን ወዲያው አቁም፤ ሉፑ እንዳይደርብበት። ከዚያ ካርዱን አውጣው። ዋናውን ፋይል ሳትቆርጥ፣ ስሙን ሳትቀይር አስቀምጥ፤ የምትልከው ቅጂውን ይሁን።

«መኪናው በጣም ተጠግቶኝ ነበር» ለማለትም ዝግጅት ይፈልጋል። ሰፊ ሌንስ ነገርን ያርቃል፤ 70 ሴንቲ ሜትር ላይ ያለፈህ መኪና ቪዲዮው ላይ ምቹ ርቀት ያለው ይመስላል። ሳይክሉን ግቢ ውስጥ ቀጥ አድርገህ አቁም፣ ከመሪው ጫፍ በሜትር ለክተህ 50 ሴንቲ፣ 1 ሜትርና 1.5 ሜትር ላይ በኖራ መስመር አስምር፣ ቅንብሩን ሳትቀይር ቅረፅ። ያቺን ቪዲዮ አስቀምጣት፤ ጎን ለጎን ስታሳያቸው ክርክሩ ያልቃል።

የሚያድንህ ግን መንገዱ ላይ የምትይዘው ቦታ ነው። የተከፈተ የመኪና በር ወደ 1 ሜትር ይወጣል፤ የመሪህ ግማሽ ደግሞ ሌላ 30 ሴንቲ ነው። ስለዚህ ጎማህ ከቆሙት መኪኖች 1.5 ሜትር ይራቅ፣ ከኋላ ክላክስ ቢነፋብህም። በጭነት መኪናና በመንገዱ ጠርዝ መካከል በጭራሽ አትግባ፤ ሲታጠፍ የኋላ ጎማው ከፊቱ ይልቅ ወደ ውስጥ ቆርጦ ነው የሚያልፈው። የሹፌሩን ፊት በስፖኪዮው ካላየህ እሱም አንተን አያይህም። ካሜራ ያለው ሰው ሳያውቀው ይደፍራል፤ የተጋፋህን ሹፌር አሳደህ መብራት ላይ መጨቃጨቅ ከመጀመሪያው ግፊያ የባሰ አደጋ ያመጣል። ታርጋውን ከተናገርክ ሥራህ አልቋል፣ እለፍ። ደግሞ የኋላ መብራትና ስፖኪዮ ከሌለህ ሁለተኛውን ካሜራ ተውና መጀመሪያ እነሱን ግዛ።

የካሜራህን ሞዴልና የመሪህን ውፍረት እዚሁ ጻፍልኝ፣ የሚስማማውን ማሰሪያ እነግርሃለሁ።