ለእንስሳት ለምትቆረቆሩ የድሬዳዋ ልጆች

ውድ ልጆቼ፣

በድሬዳዋና በሐረር ዙሪያ ከሠላሳ ዓመት በላይ በእንስሳት ሕክምና አገልግዬ ጡረታ ከወጣሁ በኋላ፣ በእንስሳት መብት ስም የተሰባሰባችሁ ወጣቶች ከየት መጀመር እንዳለባችሁ ጠይቃችሁኛል። መልሴን ከራሴ ጥፋት ብጀምር ይቀለኛል።

ሥራ በጀመርሁበት ዓመት የእብድ ውሻ በሽታ ሰው ስለገደለ ዘመቻ ታዘዘ፤ ሌሊት በስትሪክኒን የተለወሰ ሥጋ በየሰፈሩ ከበተኑት አንዱም እኔ ነበርሁ። ሲነጋ አንድ የመጋላ ሰፈር ነዋሪ እንደ እንጨት የደረቀ ውሻውን በጋሪ አስጭኖ መጣና፣ ከሁለት ሳምንት በፊት በገዛ እጄ የፈረምሁለትን የክትባት ወረቀት አንዲት ቃል ሳይናገር ጠረጴዛዬ ላይ አኖረው። በሽታው የሚገታው ከውሾቹ 70 በመቶ ያህሉ ሲከተቡ ነው፤ እኛ ግን የተከተቡትንም ጭምር ስለፈጀን፣ ባዶ የቀረውን ሰፈር ያልተከተቡ ውሾች ወዲያው ሞሉት። በኋላ ይህን ለአለቆቼ ሳስረዳ ስለ ርኅራኄ ስናገር ይስቁብኝ ነበር፤ ስለ ተነከሱት ሕፃናትና ስለ ክትባቱ ወጪ ስናገር ግን ወረቀትና እስክሪብቶ አነሡ።

«ሰው መብቱ ሳይከበር የምን የእንስሳ መብት ነው?» የሚላችሁ ብዙ ነው። ከዚህ ሰው ጋር ስለ ቃሉ አትከራከሩ፤ ቃሉ እንግዳ ቢሆንበትም ነገሩን ያውቀዋል። ሐረር በጀጎል ግንብ ላይ ለጅብ ማለፊያ ቀዳዳ የተወች፣ በአሹራ ሰሞንም ለጅብ ገንፎ የምታቀርብ ከተማ ናት፤ ለተጠማ ውሻ ውኃ ቀድቶ በማጠጣቱ ምሕረት ስላገኘው ሰው የሚናገረውን ሐዲስ የማያውቅ ሼኽ፣ ጻድቅ ለእንስሳው እንደሚራራ በመጽሐፈ ምሳሌ ያላነበበ ቄስም የለንም።

ይበልጥ የሚያሳስበኝ ቁጣችሁ የሚያርፍበት ቦታ ነው። በእንግሊዝ አገር እ.ኤ.አ. በ1822 ከብትና ፈረስን በጭካኔ መደብደብን የሚከለክል ሕግ ወጣ፣ ከሁለት ዓመት በኋላም ለንደን ላይ የእንስሳት ተከላካይ ማኅበር ተቋቋመ፤ ክሱ ግን ጋሪና ከብት በሚነዳው ድኻ ላይ ሲበረታ፣ መኳንንቱ ቀበሮ በውሻ እያሳደዱ የሚያድኑበት ጨዋታ እዚያው የተከለከለው እ.ኤ.አ. በ2004 ነበር። አህያውን ፈርቶ ዳውላውን ማለት ይህ ነው።

እናንተም ዘንድሮ ቀፊራ ገበያ አጠገብ አህያውን የሚደበድብ ልጅ ቀርጻችሁ አሠራጫችሁ። ሰው ተቆጣ፤ ልጁም አህያዋን በርካሽ ሸጦ ከገበያው ጠፋ፤ እሷ አሁን ማን ዘንድ እንደምትጫን አናውቅም። በምልልስ እየከፈለ፣ ሁለት ጊዜ የሚመላለሰውን ጭነት በአንድ ጊዜ የሚያስጭነው ባለመጋዘን በምስሉ ውስጥ የለም። ያቺን አህያ ከመሸጧ በፊት አይቻታለሁ። ጀርባዋ ገጥቦ መዳፍ የሚያህል ቁስል ወጥቶባት ዝንብ ወሮታል፤ ከጭነት ሥር በሚደረገው ኩርታን ፋንታ አንድ እጥፍ የማዳበሪያ ከረጢት ብቻ ጣል ተደርጎላታል፤ የናይለኑ ገመድም ከፊት እግሮቿ ኋላ ያለውን ቆዳ በልቶታል። ልጁ የደበደባት ስለማትራመድ ነው፤ የማትራመደውም ጭነቱ በቁስሏ ላይ ስለሚያርፍ ነው። ጭድ የተጠቀጠቀባቸው ሁለት ትራሶች ከአከርካሪዋ ግራና ቀኝ ሆነው ቢሰፉና መሃሉ ክፍት ቢተው፣ ክብደቱ በጎድኗ ላይ ይውል ነበር፤ ሰፊ የጨርቅ መቀነትም ገመዱን ይተካው ነበር።

በ2009 ዓ.ም. ቢሾፍቱ ላይ የነበረው የአህያ ቄራ ነዋሪው ስለተቃወመ ተዘጋ፤ በየካቲት 2016 ዓ.ም. ደግሞ የአፍሪካ ኅብረት መሪዎች አህያን ለቆዳዋ ማረድ በአህጉሩ እንዲቀር ወሰኑ። ለዚህ ውሳኔ ሲባል ከቀረቡት ክርክሮች ጠንካራው፣ አህያዋ የተሰረቀባት ሴት ውኃና እንጨት በገዛ ጀርባዋ ትሸከማለች የሚለው ነበር። ይህ ክርክር አህያዋ ለሰው ለምትሰጠው ጥቅም እንጂ ለራሷ ለአህያዋ አልቆመም የምትሉ አላችሁ፤ እውነት አላችሁ። እኔ ግን ስለ መብቷ የምንሟገትላት አህያ መጀመሪያ በሕይወት ትኑርልን እላለሁ። ውሳኔው ራሱ ወደየአገሩ ሕግና ወደ ጠረፍ ፍተሻ ካልወረደ ወረቀት ሆኖ ይቀራል፤ ይህን መከታተል የእናንተ ሥራ ነው።

ሥጋ መብላት ይቅር ወይስ አይቅር የሚለውን ክርክራችሁን ከእኔ አትጠብቁት፤ በልቼ ያረጀሁ ነኝ። ብቻ በዚህ ጉዳይ ስትጣሉ አህያ ነጂው እንዳይሰማችሁ።

ቅዳሜ ጠዋት ፀሐይ ሳትበረታ ወስፌና ሲባጎ ይዤ ቀፊራ እገኛለሁ፤ እናንተ አሮጌ ብርድ ልብስና ጭድ አምጡ። ከመካከላችሁም ረጋ ብለው የሚናገሩ ሁለት ልጆች ምረጡልኝ፤ ክፍያው በምልልስ መሆኑ ቀርቶ በኩንታል እንዲሆን ለመጠየቅ ከእኔ ጋር ወደ ባለመጋዘኑ ይሄዳሉ።