ከጓሯችን ያለው የጣሊያን ምሽግ

ጥያቄ፦ የምኖረው ቡሬ ነው። ከጓሯችን ካለው ጉብታ ላይ ሽማግሌዎች «የጣሊያን ምሽግ» የሚሉት የድንጋይ ካብ አለ። ሰው ለአጥር እየወሰደው ሊያልቅ ነው። ምን ላድርግ?

መልስ፦ ቶሎ መዝግቢው፣ እህቴ! ጣሊያን ቡሬን ለቆ የወጣው በ1933 የካቲት ነው። ያን ጊዜ ልጅ የነበሩት ዛሬ ጥቂት ናቸው፤ መጀመሪያ እነሱን በስልክሽ ቅጂ። ከዚያ ካቡን ዙሪው። ርዝመቱን፣ ውፍረቱን፣ በሩ ወዴት እንደሚያይ ጻፊ። የየማዕዘኑን ጂፒኤስ ያዢ። ፎቶ ስታነሺ ሜትር ከጎኑ አድርጊ። እኔ አንዴ ሜትር ረስቼ ዱላዬን አጋደምኩ፤ ቤት ገብቼ ዱላውን ለካሁት፣ ምንም አልጎደለ። ቀለህ (የተተኮሰ ጥይት ቀፎ) ብታገኚ ካለበት አታንሺው፤ ተኳሹ የት እንደነበር የሚነግረን ቦታው ነው። ያልፈነዳ ነገር ከመሰለሽ ግን ሽሺና ለፖሊስ ንገሪ። መቆፈርማ ያለ ፈቃድ አይሆንም። የመዘገብሽውን ለባህልና ቱሪዝም ቢሮ ስጪ፤ አንድ ኮፒ ራስሽ ጋ ይቅር።