ሁለቱም «ፉል ሲንተቲክ»፣ ዋጋቸው ግን ሰማይና ምድር

ጥያቄ፦ ለቪትዜ ሞተር ዘይት ልገዛ ሄጄ ሁለት ጀሪካን አሳዩኝ። ሁለቱም ላይ «ፉል ሲንተቲክ» (ሙሉ በሙሉ ሰው ሠራሽ) ይላል፤ አንዱ ግን በጣም ውድ ነው። ልሸወድ ይሆን?

መልስ፦ የግድ አይደለም ወንድሜ። ርካሹ ግሩፕ 3 የሚባለው የዘይት መደብ ሊሆን ይችላል፤ ከድፍድፍ ነዳጅ ወጥቶ በሃይድሮጅንና በከፍተኛ ግፊት የተጣራ ነው። ውዱ ምናልባት ፒኤኦ (PAO) የሚባል ሰው ሠራሽ ዘይት አለበት፤ እሱ ከኤትሊን ጋዝ ተነስቶ እንደ አዲስ የሚገነባ ነው። አሜሪካ ውስጥ የዘይት አምራቹ ሞቢል በተፎካካሪው ካስትሮል ላይ «ሲንተቲክ» በሚለው ስም አጠቃቀም አቤት ብሎ ነበር። በ1999 እ.ኤ.አ. ግሩፕ 3ም «ሲንተቲክ» መባል ይችላል ተባለ።

ፒኤኦ በከባድ ውርጭ ይበልጣል። ለአዲስ አበባ ጠዋት ግን ምን አስጨነቀህ? እኔ ለኮሮላዬ ርካሹን ነው የምገዛው። ይልቅ የመኪናው መመሪያ 5ደብሊው-30 (5W-30፣ የዘይቱ ውፍረት ደረጃ) ካለ እሱን ፈልግ። የክዳኑ ቀለበት ከተነካካ ግን አትግዛ።