መልስ፦ 22ኛው ስኳድሮን፣ ከቶርፔዶ ወደ ነፍስ አድን

ቶርፔዶ (በውኃ ውስጥ ሄዶ መርከብ የሚመታ ፈንጂ) ይጥል የነበረው ስኳድሮን፣ ማለትም የአየር ኃይል ክፍል፣ በኋላ ነፍስ አድን ከሆነው ጋር አንድ ነው ወይ ብለው ጠይቀዋል። አዎ፣ በ1941 የጀርመኑን የጦር መርከብ ግናይዘናውን የመታውና በኋላ በቢጫ ሄሊኮፕተር ሰው ከባሕር ያወጣ የነበረው የብሪታኒያ አየር ኃይል 22ኛ ስኳድሮን አንድ ነው። አገልግሎቱ ግን ተቋርጦ የተቀጠለ ነው፤ ግራ ያጋባዎት ይህ ክፍተት ይመስለኛል። (ዓመቶቹ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

በ1915 እንግሊዝ ውስጥ ጎስፖርት ላይ ተመሠረተ። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ቦፎርት በተባለ አውሮፕላን ቶርፔዶ ይጥል ነበር። ኤፕሪል 6 ቀን 1941 የስኳድሮኑ አብራሪ ኬኔት ካምቤል ከባሕሩ ወለል ብዙም ሳይርቅ እየበረረ ግናይዘናው ወደቆመበት የፈረንሳይ ብሬስት ወደብ ገባ፤ በዙሪያው ካሉት መድፎች በሚዘንበው ተኩስ መካከል ቶርፔዶውን ለቀቀ። መርከቡ ወራት የፈጀ ጥገና አስፈለገው። ካምቤልና ሦስቱ ጓዶቹ ግን እዚያው ወደቁ፤ ካምቤል ቪክቶሪያ ክሮስ የተባለውን የብሪታኒያ ከፍተኛ የጀግንነት ሜዳይ የተሸለመው ከሞተ በኋላ ነው። እንዲህ ያለ ጀግንነት በሁለት መስመር መታለፉ ያሳዝነኛል።

ስኳድሮኑ በ1945 ፈረሰ። በ1955 እንግሊዝ ውስጥ ቶርኒ አይላንድ ላይ እንደገና ሲቋቋም ዊርልዊንድ ሄሊኮፕተር ይዞ ለፍለጋና ለነፍስ አድን ተሰማራ፤ ከዚያ ዌሴክስ፣ በመጨረሻም ሲ ኪንግ የተባሉ ሄሊኮፕተሮችን ተጠቀመ። ልዑል ዊልያም ሲ ኪንግ ያበረረው በዚሁ ስኳድሮን ነው። በ2015 የነፍስ አድን ሥራው ወደ ሲቪል ድርጅት ተላለፈ።

አንድ ነገር ይጠንቀቁ፤ 202ኛው ስኳድሮንም ተመሳሳይ ቢጫ ሲ ኪንግ ነበረው። ፎቶ አይተው ብቻ 22ኛው ነው የሚሉ ብዙ ሰዎች አጋጥመውኛል። ፎቶው የተነሣበትን ጣቢያና ዓመት አስቀድመው ያረጋግጡ።