ጣቢያ ልትቀጠሪ ነው? የዘፈንሽን ውል ለብቻው አድርጊው

እህቴ፣ የራስሽን ግጥምና ዜማ እየሠራሽ እንደምትዘፍኚ፣ አሁን ደግሞ አንድ ጣቢያ በአቅራቢነት ሊቀጥርሽ እንደሆነና የፕሮግራሙን መክፈቻ ዘፈንም ሥሪልን እንዳሉሽ ጽፈሽ «ልግባበት ወይ?» ብለሻል። ግቢበት። እኔም ሁለቱን አብሬ ይዤ ዓመታት ሠርቻለሁ። ደመወዙ ስቱዲዮ ያስገባል፣ ፊትሽን የለመደ ተመልካችም ዘፈንሽን ለመስማት አይሰንፍም። ችግሩ ያለው ፊርማው ላይ ነው።

1. የአቅራቢነቱና የዘፈኑ ውል በሁለት ወረቀት ይሁን። የቅጥር ውል ውስጥ «ሠራተኛው በሥራ ዘመኑ የሚያዘጋጀው ማንኛውም ሥራ የድርጅቱ ንብረት ነው» የሚል አንቀጽ ተሸጉጦ ታገኚያለሽ። ዜና አንባቢን አይጎዳም። ዘፈን ደራሲን ግን ማታ ቤቷ ተቀምጣ የጻፈችውን ሁሉ ሊወስድባት ይችላል። ይውጣ በያቸው፤ እምቢ ካሉ የግል ድርሰቶችሽን እንደማይጨምር ይጻፍበት። ለመክፈቻው ዘፈን የመጠቀም ፈቃድ ስጪ እንጂ ባለቤትነት አትስጪ። ለየትኛው ፕሮግራም፣ ለስንት ዓመት፣ በዩቲዩብም ጭምር ነው ወይስ በቴሌቪዥን ብቻ፣ ሁሉም ይዘርዘር።

2. ከአቀናባሪው ጋር ድርሻችሁን ቀረጻ ሳይጀመር ተፈራረሙ። የግጥምና የዜማ መብት ሌላ ነው፣ የተቀረጸው ድምፅ፣ ማለትም የማስተሩ መብት ሌላ ነው። ጣቢያው የስቱዲዮ ከፈልኩ ብሎ ማስተሩን ቢጠይቅ እንኳ ዜማሽ ያንቺ ነው።

3. የዩቲዩቡን ነገር አደራ። የሠራሁበት ጣቢያ የፕሮግራሙን ክፍሎች ከነመክፈቻው ኮንቴንት አይዲ ላይ አስመዘገበ፤ ይህ ባለመብቶች ያስመዘገቡት ይዘት ሌላ ቪዲዮ ላይ ሲገኝ የሚለይ የዩቲዩብ ሥርዓት ነው። ሥርዓቱ ድምፅን ከድምፅ ስለሚያመሳክር፣ ራሴ ደርሼ ራሴ የዘፈንኩት ዘፈን በራሴ ቻናል ላይ የሌላ ባለመብት ነው ተባለና የማስታወቂያ ገቢው ወደ እነሱ መሄድ ጀመረ። ሕግ ክፍል ሄድኩ። ኃላፊው ቀና ብሎ ሳያየኝ፣ ተቀመጪም ሳይለኝ፣ «ሰው ያወቀሽ በእኛ ነው፤ ዘፈኑም የፕሮግራሙ አካል ነው» አለኝ። እነሱ ሳያውቁኝ በፊት ስዘፍን የኖርኩ ሰው ነኝ! ዛሬም ሳስበው ያንገበግበኛል። ውሉን አውጥቼ «ብቸኛ ያልሆነ የመጠቀም ፈቃድ» የሚለውን መስመር ጠረጴዛው ላይ አስቀመጥኩለት። ያቺን መስመር ተከራክሬ ያስገባኋት እኔ ነኝ፤ ስንፈራረም ፕሮዲውሰሩ «ምን አስጨነቀሽ?» ብሎኝ ነበር። ኮንቴንት አይዲ ብቸኛ መብት የሌለሽን ይዘት እንድታስመዘግቢ አይፈቅድም። ውሉን፣ ከአቀናባሪው ጋር የተፈራረምነውን፣ ቀን ያለበትን የመጀመሪያ ቅጂና የቅጂው መለያ የሆነውን 12 ፊደልና ቁጥር ያለውን የአይኤስአርሲ ኮድ ይዤ በዩቲዩብ በኩል ተቃውሞ አስገባሁ፣ ለጣቢያውም በደብዳቤ ጻፍኩ። ለቀቁልኝ። እስኪለቁ የሄደውን ገንዘብ ግን የመለሰልኝ የለም፣ ይቅርታ ያለኝም የለም። ስለዚህ ሙዚቃው ከሚያስመዘግቡት ፋይል እንዲወጣ ከወዲሁ በውል አስገቢ። አንቺም ዘፈንሽን ወደ ዩቲዩብና መሰል መድረኮች ለሚያደርስልሽ ድርጅት፣ ለዲስትሪቢውተርሽ፣ የጣቢያውን ቻናል አስቀድመሽ አሳውቂ፤ አለዚያ የእነሱ ቪዲዮ በአንቺ ስም ይያዝና ጠብ ይነሳል።

4. ኪው ሺት የሚባለውን ቅጽ ለሰው አትተዪው። በእያንዳንዱ ክፍል የተሰማው ሙዚቃ ርእሱ፣ ደራሲው፣ ድርሻው፣ ስንት ሰከንድ እንደቆየ፣ መክፈቻ ይሁን ማጀቢያ ወይስ ካሜራ ፊት የተዘፈነ፣ የሚሞላው እዚያ ላይ ነው። ሮያሊቲ፣ ማለትም ሥራው ሲሰማ ለደራሲው የሚከፈለውን ገንዘብ፣ የሚሰበስበው ማኅበር የሚያከፋፍለው ይህን አይቶ ስለሆነ፣ ስምሽ ከሌለበት ዘፈንሽ በየሳምንቱ ቢሰማም ለማን እንደሚከፍል አያውቅም። የእኔን በስክሪን ስሜ ይሞሉት ነበር፤ ማኅበሩ ዘንድ የተመዘገብኩት ግን በሙሉ ስሜ ነው፤ ስለዚህ አልገጠመም። ቅጹ ከመላኩ በፊት ኮፒውን ከፕሮዳክሽን ክፍሉ ጠይቂና የስምሽን አጻጻፍ ከምዝገባሽ ጋር ፊደል በፊደል አመሳክሪ።