የሜታሊካ ክሊፖች ስብስብ ሙሉው ይታያል ወይ ላልከው

ሰላም ናችሁ ልጆች። ከኮምቦልቻ የጠየቅከው ወንድሜ፣ ጥያቄህን አሁን ነው ያየሁት። "የሜታሊካ ክሊፖች ከ1989 እስከ 2004 ያሉበት ዲቪዲ እጄ ገብቷል፣ ግን ሁሉም ዩቲዩብ ላይ አለ፣ ሙሉውን ቁጭ ብዬ ልየው ወይስ ምርጥ ምርጡን ትነግሩኛላችሁ፣ ከታናሽ እህቴ ጋር ነው የማየው" ነው ያልከው። ከስር አንዱ "ሮክ ይሰማል እንጂ አይታይም" ብሎሃል፣ ሌላዋ ደግሞ "ሴንት አንገር ላይ ስትደርስ ዝጋው" ብላሃለች። ሜታሊካን ለማታውቁ፣ የአሜሪካ የከባድ ሮክ ባንድ ነው። እኔ በሁለቱም አልስማማም፣ ደሴ ውስጥ ይሄን ስብስብ እያየሁ ነው ያደግኩት ማለት ይቻላል፣ ስለዚህ ትንሽ ረዘም አድርጌ ልመልስልህ፣ ታገሰኝ።

ሙሉውን እየው። በተርታ፣ ቢያንስ አንዴ። ዩቲዩብ መርጦ የሚሰጥህ ብዙ ሰው ያየውን ነው፣ ዞሮ ዞሮ ሁለት ሶስቱ ላይ ነው የሚያዞርህ፣ ዲቪዲው ግን 21 ክሊፕ በወጡበት ቅደም ተከተል ደርድሮልሃል፣ ቪዲዮ አንሰራም ሲል የነበረ ባንድ ቀስ በቀስ በምስል ማውራት ሲለምድ ታያለህ። ያ ተርታው ውስጥ ነው ያለው፣ አንድ አንዱን ነጥለህ ስታየው አይገኝም።

አየህ እኛ ጋ ሮክ በሚሞሪ ነው የገባው። ሙዚቃ ቤት ሄደህ የአማርኛውን ዘፈን ስታስጭን ከጓደኛ ከጓደኛ የተገለበጠ የፈረንጅ ሮክ አብሮ ይገባልሃል፣ የአርቲስቱ ስም የለ፣ ርዕሱ የተበላሸ፣ ግጥሙ ደግሞ በእኛ እንግሊዝኛ ከሚጮህ ሰው አፍ የሚያዝ አይደለም። ጊታሩ ልብህን ይመታዋል፣ ሰውየው ምን ሆኖ እንደሚጮህ ግን አታውቅም። ለእኔ የዘፈኖቹን በር የከፈቱልኝ ክሊፖቹ ናቸው፣ ለዛ ነው "አይታይም" የሚለው የማይዋጥልኝ፣ ቋንቋውን ለሚያውቅ ሰው ምናልባት እንደዛ ሊሆን ይችላል። እኔ እያንዳንዱን ክሊፕ የምለካው በአንድ ነገር ነው፣ ግጥሙን ምንም ባላውቅ ይሄ ምስል ምን ይነግረኛል? በዚህ ሚዛን አንዳንዱ ዝነኛ ክሊፕ ይቀልላል፣ አንዳንዱ ማንም የማያወራለት ይከብዳል።

አሁን "ዋን"ን እንይ። የመጀመሪያው ክሊፕ ይሄ ነው፣ የዲቪዲው ብቻ ሳይሆን የባንዱም የመጀመሪያ። ከዛ በፊት ሶስት አልበም አውጥተዋል፣ 1983፣ 1984፣ 1986፣ አንድም ክሊፕ አልሰሩም፣ ያኔ ኤምቲቪ የሚባለው የሙዚቃ ቻናል ሰውን በአንድ ክሊፕ ኮከብ በሚያደርግበት ጊዜ እነሱ አንሰራም ብለው ቆዩ። ከዛ በ1989 ሲሰሩ ምን ሰሩ? አንድ የአንደኛው የዓለም ጦርነት ወታደር፣ እጅ የለው እግር የለው፣ አይኑ ጆሮው አፉ የጠፋ፣ አእምሮው ግን በደንብ የሚሰራ፣ ሆስፒታል አልጋ ላይ ተኝቶ። ምስሉ የተወሰደው ዳልተን ትራምቦ የራሱን የ1939 ልቦለድ ይዞ በ1971 ከሰራው ፊልም ነው፣ ባንዱ በየጊዜው እየከፈለ ከሚጠቀምበት ብሎ የፊልሙን መብት ራሱን ገዛው። ባንዱ ደግሞ ባዶ መጋዘን ውስጥ በጥቁርና ነጭ ይጫወታል፣ ምንም ጌጥ የለ፣ ምንም ሴት የለ፣ መኪና የለ። መሃል ላይ ድራሙና ጊታሩ አንድ ላይ ሆነው እንደ መትረየስ ሲንጣጡ፣ ወታደሩ ደግሞ ጭንቅላቱን ትራስ ላይ እየመታ በሞርስ ኮድ፣ ማለትም ፊደል በምት በሚላክበት ዘዴ፣ ሐኪሞቹን ሊያናግር ሲሞክር፣ እዛ ጋ ቋንቋ አያስፈልግህም።

አጎቴ በደርግ ጊዜ ወታደር ነበር፣ ሰሜን ዘምቶ እግሩን ተመቶ ነው የተመለሰው። አንድ ቀን ይሄን እያየሁ በሳሎኑ ሲያልፍ አልጋውን አየና ቆመ፣ "ይሄ ልጅ ምን ሆኖ ነው?" አለኝ፣ የማውቀውን ነገርኩት። ተቀመጠ። እኛ ቤት "ይሄን ጩኸት ቀንሰው" የሚለው እሱ ነበር ሁሌ፣ የዛን ቀን ግን እስከ መጨረሻው አየና "እኛም ጋ ነበሩ እንዲህ ያሉ፣ ሰው ጎናቸው ቆሞ ሞተዋል እያለ የሚያወራባቸው" አለኝ። ከዛ "እንደገና ክፈተው" አለ። ደሴም ኮምቦልቻም በጦርነቱ ጊዜ፣ በእኛ አቆጣጠር በ2014፣ ያየነውን አይተናል፣ ከዛ ወዲህ እኔም ይሄን ክሊፕ እንደ ድሮው አላየውም፣ ባየሁት ቁጥር የማውቀው ሰው ፊት ይመጣብኛል። ሮክ አይታይም ላልከው ወንድሜ መልሴ ይሄ ነው በቃ።

እና እዚህ ጋ አንድ ነገር፣ ዲቪዲው ውስጥ ተጨማሪ የሚለው ላይ ግባ፣ ፊልሙ የሌለበት ባንዱ ብቻ የሚጫወትበት ሌላ "ዋን" አለ። ሁለቱን አከታትለህ እያቸው። ያው ዘፈን ነው፣ ግን ምስሉ ሲወጣ ምን ያህል እንደሚቀንስ ራስህ ትፈርዳለህ።

ከ1991 አልበም አምስት ክሊፖች አሉ። "ኢንተር ሳንድማን" ሁሉም ያውቀዋል፣ ዌይን አይሻም ነው ዳይሬክት ያደረገው፣ የህጻን ልጅ ቅዠት ነው፣ ከፎቅ መውደቅ፣ ውሃ ውስጥ መስመጥ፣ እባብ፣ ጥሩ ነው፣ የሚብለጨለጨው መብራት ግን በጨለማ ቤት አይን ያደክማል። እኔ የምወደው "ዘ አንፎርጊቨን"ን ነው። ማት ማሁሪን የሚባል ሰው ነው የሰራው፣ ጥቁርና ነጭ፣ ታስሮ የተወለደ ልጅ ግድግዳውን እየቦረቦረ እየቦረቦረ ያድጋል፣ ይጎለምሳል፣ ያረጃል። በቃ ይሄ ነው ታሪኩ። ይሄም ተጨማሪው ላይ ረጅም ቅጂ አለው፣ 11 ደቂቃ ያህል ነው፣ ብዙ ሰው ሰለቸኝ ይላል፣ እኔ ግን ከአጭሩ እሱን ነው የምመርጠው፣ ምክንያቱም ማርጀቱን በጊዜው ታየዋለህ፣ በስድስት ደቂቃ ያረጀ ሰው አያሳዝንም። "ዌርኤቨር አይ ሜይ ሮም" እና "ሳድ በት ትሩ" ኮንሰርት ላይ የተቀረጹ ናቸው፣ እነሱን ቡና እስኪፈላ ከፍተሃቸው መንጎድ ትችላለህ።

"ነቲንግ ኤልስ ማተርስ" ላይ ሰው ይከፋፈላል። ስቱዲዮ ውስጥ አልበሙን ሲሰሩ ከተቀረጸ ዶክመንተሪ ተቆራርጦ የተሰራ ነው፣ ታሪክ የለውም፣ ሰዎች ስራ ሲሰሩ ነው የምታየው። ዘፈኑን የጻፈው የባንዱ ዘፋኝ ጄምስ ሄትፊልድ በአንድ እጁ ስልክ ይዞ በሌላው ባዶ ክሮቹን ሲነካካ ነው የመጣለት፣ መጀመሪያ ላይ ያለችው ቀላል ዜማ ለዛ ነው የግራ እጅ የማትፈልገው። ጊታር የጀመራችሁ ልጆች እዚህ ግሩፕ ላይ አላችሁና ሞክሩት፣ በአንድ ቀን ትይዙታላችሁ። ትዝታ ባደግንበት ጆሮ ይሄ ዘፈን ባዕድ አይሆንብንም፣ ለዛ ይመስለኛል ወሎ ውስጥ ሮክ አልወድም የሚለው ሰው እንኳን ይሄን የሚወደው።

ከዛ 1996 ይመጣል፣ ጸጉራቸውን ተቆርጠው፣ አይናቸውን ተኳኩለው። ያኔ አድናቂው ተናዶ ነበር፣ ከዱን ብለው። እኔ ግን በክሊፕ በኩል ከፍ ያሉበት ጊዜ ይሄ ነው ብዬ ነው የማምነው፣ ማንም ምንም ይበል። "አንቲል ኢት ስሊፕስ"ን እየው። ሳሙኤል ባየር ነው የሰራው፣ ከሂሮኒመስ ቦሽ ስዕሎች ነው ሃሳቡን የወሰደው፣ ከ500 ዓመት በፊት የነበረ የኔዘርላንድስ ሰዓሊ ነው፣ ገነትና ሲኦልን የሚስለው። ያን ስዕል በሰው አካል አቆመው፣ ሰው የሚውጥ ፍጡር፣ የሚወድቅ መልአክ። የዛን ዓመት የኤምቲቪ ምርጥ የሮክ ቪዲዮ ሽልማት ወስዷል። ምስሉ ለትዕይንት የተደረደረ እንዳይመስልህ ደግሞ፣ ዘፈኑ ስለ ካንሰር ነው። የጄምስ እናት እሱ ገና 16 ዓመቱ እያለ በካንሰር ነው የሞተችው፣ ቤተሰቡ በእምነቱ ምክንያት መድሃኒት አይቀበልም ነበር። ይሄን ካወቅክ በኋላ ውስጤ ያለ ክፉ ነገር እስኪተኛ ድረስ ያዘኝ የሚለው ሰው ማን እንደሆነ ይገባሃል።

ከዛ ሁለት ክሊፕ ወረድ ብለህ "ማማ ሴድ" ላይ ትደርሳለህ። ማንም አያወራለትም ይሄን። አንቶን ኮርባይን ነው ዳይሬክተሩ፣ ፎቶግራፈሩ ማለት ነው። ጄምስ መኪና ወንበር ላይ ተቀምጦ ጊታሩን ይዞ ይጓዛል፣ መንገዱ ይሄዳል ይሄዳል፣ መጨረሻ ላይ ስታየው መኪናው መኪና አይደለም፣ አንድም ቦታ አልሄደም። ስለ እናቱ እየዘፈነ። እኔ እናቱን ለቀበረ ጓደኛዬ ይሄን ነበር ያሳየሁት፣ ምንም ሳንነጋገር ሁለቴ አየነው። ለእኔ ከ21ዱ ከ"ዋን" ቀጥሎ ሁለተኛው ይሄ ነው፣ ተሳስተሃል የሚል ካለ ይምጣና እንከራከር።

"ዘ ሜሞሪ ሪሜይንስ" ላይ ማሪያን ፌይዝፉል የምትባለው እንግሊዛዊት ዘፋኝ አለች፣ በተሰባበረ ድምጽ ቃል የሌለው ላ ላ ላ ትላለች፣ ኮንሰርት ላይ ህዝቡ ያን ተቀብሎ አልለቅም ይላል። እናቴ ከጓዳ ሆና ሰምታው "ይሄ መንዙማ ነው?" ብላ ጠየቀችኝ፣ ወላሂ እውነቷን ነው፣ አንዱ አውጥቶ ሌላው እንደሚቀበለው ነው፣ ድምጹ እየተመላለሰ ሰውን ይዞ ይሄዳል። ከዛን ጊዜ ጀምሮ እሱን ብቻ ድምጹን ቀንስ አትለኝም።

አሁን እህትህ። "ተርን ዘ ፔጅ" ላይ ስትደርስ ብቻህን እየው። ስለ አንዲት ልጇን ይዛ በሞቴል የምትኖር፣ በምሽት ስራ የምትተዳደር እናት ነው፣ ዮናስ ኦከርሉንድ የሚባል ስዊድናዊ ነው የሰራው፣ እውነትነት ያለው ከባድ ስራ ነው፣ ግን ራቁትነትም ዱላም አለበት፣ ለልጅ የሚሆን አይደለም። ቀጥሎ ያለው "ዊስኪ ኢን ዘ ጃር" የዛው ሰውዬ ስራ ነው፣ ቤት የሚያፈርስ ፓርቲ ነው፣ እሱንም ዝለሉት፣ ምንም አይቀርባችሁም። ዘፈኑ ግን የድሮ የአይሪሽ ባህላዊ ዘፈን ነው፣ ለብቻው ሰምታው ትደሰታለች። ለእሷ "ኖ ሊፍ ክሎቨር"ን ክፈትላት፣ በ1999 ከሳን ፍራንሲስኮ ሲምፎኒ ጋር የተጫወቱት ነው፣ ቫዮሊንና ከባድ ጊታር ጎን ለጎን ስታይ ሮክ ጩኸት ብቻ ነው የሚለው ሃሳብ ይለቃታል።

እና "ሴንት አንገር ላይ ዝጋው" ላለችው እህቴ። የድራሙ ድምጽ ቆርቆሮ ነው የምትይው ልክ ነሽ፣ ስኔሩን፣ ማለትም ከድራሙ ስር ያለውን ሽቦ፣ ፈትተው ነው የቀዱት፣ ጊታር ሶሎም የለም፣ አልበሙን ስሰማ እኔም ያደክመኛል። ክሊፑ ግን ሌላ ነገር ነው። ካሊፎርኒያ ሳን ኩዌንቲን እስር ቤት ግቢ ውስጥ ገብተው እስረኞቹ ፊት ነው የተጫወቱት፣ በ2003። ቤዝ ተጫዋቹ ጄሰን ኒውስቴድ በ2001 ወጥቷል፣ ሮበርት ትሩሂዮ ገና መግባቱ ነው፣ ጄምስ ከመጠጥ ለመላቀቅ ታክሞ ነው የተመለሰው፣ ባንዱ ሊፈርስ ደርሶ ነበር። ስለ ንዴት የተሰራ ዘፈን በንዴታቸው የታሰሩ ሰዎች ፊት። የእስረኞቹን ፊት እዪ፣ ተዋናይ አይደሉም። "ዘ አንፎርጊቨን" ላይ ግድግዳ የሚቦረቡረውን ልጅ አይተሽ እዚህ ስትደርሺ ነው የሚገባሽ፣ ለዛ ነው በተርታ እዩት ብዬ የምጨቀጭቀው።

ከቀሩት "ፊውል"፣ "ፍራንቲክ"፣ "አይ ዲሳፒር" ፈጣን ናቸው፣ ይታያሉ፣ ያልፋሉ።

የጎደለውንም ልንገርህ። የድሮው ቤዝ ተጫዋቻቸው ክሊፍ በርተን እዚህ የለም፣ በ1986 ስዊድን ውስጥ የቱር አውቶቡሳቸው ተገልብጦ ነው የሞተው፣ ይሄ ደግሞ ከ1989 ነው የሚጀምረው። እሱን ማየት ከፈለግክ በ1987 ለመታሰቢያው ያወጡት "ክሊፍ ኤም ኦል" የሚባል አለ፣ ምስሉ ሻካራ ነው፣ አብዛኛው ከህዝቡ መሃል የተቀዳ ነው፣ ግን ቤዝ ለሚወድ ሰው ግዴታ ነው። በሌላው ጫፍ ደግሞ ዲቪዲው 2004 ላይ ይቆማል፣ ከዛ በኋላ ብዙ ሰርተዋል፣ በ2023ቱ አልበም ለ12ቱም ዘፈን ክሊፕ ነው ያወጡት።

ስታየው የቴሌቪዥኑን ድምጽ አትመነው፣ የምትዋሰው ስፒከር ካለ ተዋስ፣ ካልሆነ በኢርፎን። መብራት ኮምቦልቻም እንደኛው ከሆነ ላፕቶፕህን ቻርጅ አድርገህ ያዝ፣ "ዋን" መሃል ላይ ቢጠፋብህ እንደገና ከመጀመሪያው ነው ማየት ያለብህ፣ ከመሃል አይጀመርም እሱ። ሲያልቅ በዛው ዩቲዩብ ላይ "ዘ ዴይ ዛት ኔቨር ካምስ" ብለህ ፈልግ፣ የ2008 ነው፣ ቶማስ ቪንተርበርግ የሚባል ዴንማርካዊ የፊልም ሰው ነው የሰራው፣ በረሃ ላይ ያሉ ወታደሮችና መኪና የቆመባቸው ሰዎች ናቸው። እሱንና "ዋን"ን ባንድ ቀን እያቸውና የትኛው እንደያዘህ እዚሁ ጻፍልኝ፣ የእህትህንም ጨምረህ።