መልስ፦ ድምፅ የሚረብሸውን ልጅ ቲያትር ስለመውሰድ

እህቴ፣ ኦቲዝም ላለበት ልጅሽ ድምፅና መብራቱ የተለሳለሰ ትርዒት አግኝተሽ፣ ምን ላዘጋጅ ብለሻል። እሰይ! እዚያ አዳራሹ ሙሉ በሙሉ አይጨልምም። ልጅሽ ቢነሳ፣ ቢያወራ፣ ወጣ ብሎ ቢመለስም ችግር የለውም።

ድምፁ ተቀነሰ ማለት ግን ጠፋ ማለት አይደለም። አስቀድመሽ ደውዪና ድንገተኛ ድምፅ ወይም ብልጭታ የቱ ጋ እንደሚመጣ ጠይቂ። ብዙ ቲያትር ቤቶች ከመግቢያው እስከ መቀመጫው ያለውን በፎቶ የሚያሳይ አጭር ጽሑፍ አላቸው። እሱን ለልጅሽ ደጋግመሽ አሳዪው፤ ለእኔ ከሁሉም የሚበልጠው ይሄ ነው። የጆሮ መከላከያውንም ቤት ይልመደው። አዳራሽ ውስጥ ለመጀመሪያ ጊዜ ብታደርጊለት አውልቆ ሊወረውረው ይችላል።

መቀመጫ ከመተላለፊያው ዳር ያዢ። ቀደም ብላችሁ ድረሱና ማረፊያ ክፍል ካለ መጀመሪያ እሱን አሳዪው። መሀል ላይ እንሂድ ካለሽም፣ ሳትጨቃጨቂው ይዘሽው ውጪ።